ቆላ የፈተነው ብዕር

የድሮ ብዕር ሰብሳቢዎች አድናቆታቸውን አስቀድመው የሚቸሩት ለወርቅ ጫፉ ነው። ተቀርጾና አብረቅርቆ ሲያዩት ‹‹ብዕር ማለት ይህ ነው!›› ይላሉ። በእኔ ሚዛን ይህ የመስታወት ሣጥን ፍርድ ነው። ብዕር የሚመዘነው በወረቀት ላይ፣ ያውም በሚጽፍበት አገር አየር ነው።

እስቲ ነገሌ ቦረናን እናስብ። በደረቁ የቆላ አየር ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ብዕር ቀለሙ ጫፉ ላይ ይደርቃል፤ የጸሐፊው ሐሳብ ሳያልቅ ብዕሩ ይነጥፋል። በ1941 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ፓርከር 51 ለዚህ መልስ አለው፤ ጫፉ ከሞላ ጎደል በሽፋን ተሰውሯል፤ ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም። ርካሹ የቻይና ሂሮ 616 የዚሁ መልክ ወራሽ ነው። ውበቱን ሸሽጎ ሥራውን የሚሠራ ብዕር እነሆ!

ሁለተኛው ፈተና ዳገቱ ነው። ከነገሌ በክብረ መንግሥት በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በግማሽ በተሞላ ብዕር ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ወደ ሸሚዝ ኪስ ይገፋዋል። መንገደኛ ወይ ጢም አድርጎ ይሙላው፣ ወይ ባዶውን ይያዘው፤ ጫፉንም ወደ ላይ ያድርግ። የጥላሸት ቀለም ደግሞ ለመቃ ብርዕ ይቅር፤ ደቃቁ የዚህኛውን ቧንቧ ይደፍናል።

እስክሪብቶ ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀርቷል፤ አልክድም። ነገር ግን ሳይጫኑ የመጻፍን የእጅ ዕረፍት ወስዶብናል። እኔ ምረጥ ብባል፣ ሣጥን ውስጥ ካለው ወርቅ ይልቅ የተቧጨረውን ሂሮ አነሣለሁ። ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ብዕሮቻችሁን ቀለም አጠጧቸው!