ፊት ያለው ቁጥር

ሪያድ ውስጥ የወገኖቼን ልጆች ፊዚክስ ሳስጠና ቬክተር ላይ ያልተደናቀፈ ተማሪ ብዙም አላጋጠመኝም። ዓርብ ከሰዓት ደብተር ይዘረጋና «ቲቸር፣ የቤት ሥራ አለብኝ» ይባላል። ልጁ የሚፈልገው መልሱን ነው፤ እኔ የምጠይቀው ሥዕሉን።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ኮሳይን ለኤክስ፣ ሳይን ለዋይ» የሚለውን ሸምድዳ መጣች። ይህ የሚሠራው ማዕዘኑ ከኤክስ መስመር ሲለካ ብቻ ነው። ጥያቄው «ከሰሜን ወደ ምዕራብ 25 ዲግሪ» ሲል ነገሩ ይገለበጣል፤ ሽምደዳው ግን አይገለበጥም።

መጽሐፉን አጥፌ ወደምታውቀው መንገድ ወሰድኳት። በንጉሥ ፋህድ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ የፋይሰሊያንና የኪንግደምን ሕንፃዎች ያያል። ከፋይሰሊያ ወደ ኪንግደም በቀጥታ 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው «ወደ ሰሜን» ይበለው እንጂ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምዕራብ 25 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። «ወደ ሰሜን ስንት፣ ወደ ምዕራብስ ስንት?» አልኳት። ምዕራቡን 2.36፣ ሰሜኑን 1.1 አለች። ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም።

«አሁን ቀስቱን ሳዪው» አልኳትና ዝም አልኩ። በዚህ ሥራ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ዝምታ ነው። መልሱ ምላሴ ላይ ነው፤ እናቷ ማዶ ተቀምጣ ታየናለች፤ ሰዓቱ ይሄዳል። ግን እኔ ከተናገርኩ የምታየው የእኔን ሥዕል ነው። ቀስቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ጥቂት ወደ ግራ ዘንበል አለ። ልጅቱ አየችው፣ ቁጥሮቿን አየች፣ እንደገና ቀስቱን አየች። «ቲቸር፣ ይሄማ ወደ ላይ ነው የሚበዛው!» ኮሳይኑ የሰሜኑ፣ ሳይኑ የምዕራቡ መሆኑን ራሷ አስተካከለች።

ዐረብኛ ለሚሰሙ ልጆች አንድ ቃል ይረዳኛል። ዐረቦች ቬክተርን «ሙተጂህ» ይሉታል፤ «ወጅህ»፣ ማለትም ፊት፣ ከሚለው ሥር የወጣ ነው። ፊቱን ወደ አንድ ወገን ያዞረ ቁጥር እንደማለት። 3 እና 4ን ደምሮ ሁልጊዜ 7 የሚያወጣ ልጅ የረሳው ፊታቸውን ነው፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ከዞሩ ድምሩ 5 ነው።

ቀጥዬ «መንገዱን ራሱን ዋይ ብናደርገውስ?» አልኳት። አሰበችና አንደኛው 2.6፣ ሌላው ዜሮ ሆነላት። የሪያድን የመጀመሪያ ማስተር ፕላን የነደፈው ግሪካዊው ዶክሲያዲስም ዋና መንገዶቹን 2 በ2 ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ሲከፍል በዚሁ ዘንበል ባለ መስመር ነው የሄደው። የኤክስንና የዋይን መስመር የሚመርጠው ሠሪው ነው። ወደፊት በተዳፋት ላይ የሚንሸራተት ሣጥን ሲመጣባት የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።

ሳምንት ቆይታ የራሷን ጥያቄ ይዛ መጣች፤ ከሪያድ አዲስ አበባ። በቀጥታ 1,940 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደቡብ ወደ ምዕራብ 27 ዲግሪ ገደማ። ካልኩሌተሩን ሳትነካ ረጅም ቀስት ወደ ታች ሳበች፣ ወደ ግራ ጥቂት አዘነበለችው፣ ማዕዘኑ አጠገብ «ከደቡብ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ነው 1,730ን ወደ ደቡብ፣ 880ን ወደ ምዕራብ ያወጣችው።