የማክሰኝት አደራ፦ ስለ ሪፖርት ድርሰት

በአገራችን ስለ ልብ ወለድ፥ ስለ ቲያትርና ስለ ቅኔ ትችት መጻፍ የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን በብዛት የሚጻፍ፥ ብዙም ገንዘብ የሚወጣበት፥ ተቺ ግን እምብዛም ያላገኘ አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለ፤ እርሱም የዓለም አቀፍ የልማት ድርጅቶች ሪፖርት ነው። «ሪፖርት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ድርሰት የሆነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሰው የሚኖርበትን አገርና የሚደክምበትን ሥራ በቃላት ሥሎ ለሌላ ሰው የሚያሳይ ጽሑፍ ሁሉ ግን ድርሰት ነውና፥ እንደ ድርሰትነቱ ሊመዘን ይገባዋል።

በእንዲህ ያለ ድርጅት ተቀጥሮ መሥራት ምን ይመስላል? ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው መኪናውን፥ የቀን አበሉንና በአውሮፕላን መመላለሱን ያያል። የቀረበ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገነዘባል። ሠራተኛው በሙያው የአፈር፥ የከብት ወይም የውኃ ዐዋቂ ቢሆንም፥ የሥራው መጀመሪያም መጨረሻም መጻፍ ነው። ገንዘብ ለመጠየቅ ይጽፋል፤ ገንዘቡ ሲገኝ እቅድ ይጽፋል፤ ዓመቱ ሲጋመስ የደረሰበትን ይጽፋል፤ በመጨረሻም የማጠቃለያውን ሪፖርት ይጽፋል። ብዙ ጊዜ የቅጥር ውሉ ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ጋር የታሰረ ስለሆነ፥ ብዕሩ ሲደክም እንጀራውም ይደክማል። ቀን ከገበሬ ጋር በአማርኛ ሲነጋገር ይውላል፤ ማታ ደግሞ የሰማውን ሁሉ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ያሰፍራል። እንግዲህ ይህ ሰው፥ ራሱን በዚህ ስም ባይጠራም፥ አስተርጓሚ ነው።

ይህ ሙያ በአገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ ብድር ተቀብላለች። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም ስብሰባውንና ወረቀቱን ሁሉ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ምሁር ትውልድ ከትውልድ በእነዚህ ድርጅቶች ቤት ሠርቷል። ነገሩን በስፋት ከማውራት ይልቅ ግን አንድ ስፍራ ይዞ መመርመር ይሻላል፤ ስለዚህ ወደ ማክሰኝት እንሂድ።

ማክሰኝት፥ ስሟ ማክሰኞን የሚያስታውሰን፥ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ ያለው ወንዝ ጉማራ ይባላል፤ ከጉና ተራራ ወርዶ ፎገራን ከሚያጠጣው ጉማራ ጋር ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ወንዙ ሌላ ነው። ውኃው ወደ ጣና ይገባል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ የማሳውን አፈር አብሮ ይዞ ይወርዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጀመሩት ዓመታት፥ ኢካርዳ የሚባለው የደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል፥ በቪየና ከሚገኘው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና ከጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር በመተባበር፥ ከኦስትሪያ በተገኘ ርዳታ፥ ይህን ተፋሰስ አጥንቷል።

የጥናቱ አንዱ ክፍል ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማል። ጎን ለጎን ከሚገኙ ሁለት ትንንሽ ተፋሰሶች በአንደኛው የድንጋይ እርከን ተሠራ፤ ሁለተኛው ግን ለማነጻጸሪያ እንዳለ ተተወ። ከዚያም በየመውጫቸው የሚወርደው ውኃና ደለል ተለካ። ይህ አሠራር ትክክለኛ ነው፤ ማነጻጸሪያ ከሌለ የለውጡ ምክንያት እርከኑ ይሁን የዚያ ዓመት ዝናብ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በተተወው ተዳፋት የሚያርሰው ገበሬ ለዕውቀት ሲባል አንድ ነገር አዋጥቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከማሳው የወረደው አፈር ለዓለም ሁሉ መለኪያ ሆኖ ተቈጥሯል። ይህ ስጦታ አይደለም፤ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ተመላሽ ነው።

እንዴት ይመለሳል? ከዚህ ላይ ነው የሪፖርቱ ቋንቋ ሊመረመር የሚገባው። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ፥ «አባቴ በሬ ጠምዶ ያርሰው የነበረውን ዋልካ ጎርፍ በልቶት፥ ዛሬ ፍየል እንኳ አይሻገረውም» ብሎ ተናገረ እንበል። በሪፖርቱ ውስጥ ይህ ቃል፥ «በጥናቱ ክልል የቦረቦር መስፋፋት ምርታማነትን እንደ ቀነሰ ታውቋል» ተብሎ ይሰፍራል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ነገር ግን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አባትየው የለም፤ በሬውም ፍየሉም የለም፤ ይልቁንም ተናጋሪው ራሱ የለም። «ታውቋል» ይላል፤ ያወቀው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ገበሬው ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ነገር፥ ሪፖርቱ የታተመ ቀን የታወቀ መሰለ።

ነገር ግን ፍርዳችን እንዳያዳላ እንጠንቀቅ። የሪፖርቱ ድርቀት ከንቱ ድርቀት አይደለም። የማክሰኝት ተዳፋት ከሌላ አገር ተዳፋት ጋር ሊነጻጸር የሚችለው ቁጥርና የጋራ ቃል ሲኖር ነው። በሬና ፍየል የሌለበት ዓረፍተ ነገር ድንበር ተሻግሮ ይነበባል፤ ቪየናም ሆነ አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይመራመርበታል። ስለዚህ ጥፋቱ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጻፉ ላይ አይደለም፤ ጥፋቱ እርሱ ብቻ ተጽፎ ሲቀር ነው። ስለዚያ ተፋሰስ የተደረጉትን ጥናቶች የሰበሰበ መጽሐፍ በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል። የግብርና ባለሙያዎች የተገኘውን ዕውቀት በቃል ለገበሬው ማስተማራቸው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም የቃል ትምህርት ከባለሙያው ዝውውር ጋር አብሮ ይሄዳል፤ በመንደሩ የሚቀረው የተጻፈው ነው።

አንዳንዶች የአማርኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያለ ዕውቀት አይበቃም ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከስንፍና እንጂ ከማስረጃ የመጣ አይደለም። በጀርመን አገር የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ የኢኮኖሚን ነገር የመረመሩበትን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት በአማርኛ ነው፤ መጽሐፉም ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። እርሳቸው ቃል ባጡበት ቃል እያበጁ ሄዱ። ዛሬ ግን ተፋሰስ፥ እርከን፥ ደለልና ቦረቦር የሚሉት ቃላት በገበሬው አፍ ላይም በባለሙያው ወረቀት ላይም አሉ። የጎደለው ቃል ሳይሆን ልማድ ነው።

እነሆ ኢካርዳ ራሱ ስለ አደራ አንድ ታላቅ ምሳሌ ሰጥቶናል። መቀመጫው በሶርያ በሐላብ አጠገብ ነበር፤ ጦርነት ስላስጨነቀው በ2012 እ.ኤ.አ. ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዚያ አወጣ። ነገር ግን የዘር ክምችቱን ቅጂ አስቀድሞ በኖርዌይ ደሴት በስቫልባርድ የዘር ማከማቻ አስቀምጦ ስለ ነበር፥ በ2015 እ.ኤ.አ. ካስቀመጠው ዘር ከፊሉን መልሶ ወስዶ ዘራው፤ ቆየት ብሎም ከአዲሱ ምርት ወደ ማከማቻው መለሰ። የዘር አደራ እንዲህ ከተመለሰ፥ የቃል አደራ የማይመለስበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ውል የሚፈራረሙ የመንግሥት ሹማምንት፥ ስለ አንድ ቀበሌ የሚጻፍ የማጠቃለያ ሪፖርት ሁሉ በዚያ ቀበሌ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ እንዲኖረው በውሉ ያስገቡ። መምህራን ጽሑፉን በትምህርት ቤት ያስነብቡ፤ የጉማራ ልጅ ስለ ናይል ከመማሩ በፊት ስለ ጉማራ ይማር። በእነዚህ ድርጅቶች ለመቀጠር የምትመኙ ተማሪዎችም፥ እንግሊዝኛችሁን ስታሳምሩ አማርኛችሁን አትጣሉ፤ ነገ ከሁለቱ አንዱ ለእንጀራችሁ፥ ሌላው ለአደራችሁ ያስፈልጋችኋልና። የተጻፈው በአማርኛ ተመልሶ ሲነበብለት፥ ያ ያለ እርከን የቀረው ተዳፋት ባለቤት አፈሩ ለምን እንደ ተቈጠረ ያውቃል፤ ስሕተት ቢያገኝም ያርማል። ለአንድ ድርሰት ደግሞ ስለ ማን እንደ ተጻፈ ከሚያውቀው አንባቢ የበለጠ ተቺ የለውም።