ሲሶን በ0.33 ያካፈለ 30 ኪሎ ጤፍ ይጎድልበታል

አስርዮሽን ወደ ክፍልፋይ ስለመቀየር የተማራችሁትን ሕግ እስኪ አስታውሱ። ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አሃዞች ቁጠር፣ በዚያው ልክ ከ1 ቀጥሎ ዜሮ ደርድር፣ ያንን ታህት አድርግ፣ ከዚያ አቅልል። በቃ! ፈተና ላይ ይሠራል። እኔም ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ልተቸው ነው፤ ሕጉ ስህተት ሆኖ ሳይሆን፣ እስከ የት እንደሚያደርስ ስለማይናገር።

መጀመሪያ የሚያምርበትን ቦታ እንይ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለ አንድ ገበሬ፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ የማሳው ስፋት 0.375 ሄክታር ተብሎ ተጽፎለታል እንበል። በሕጉ መሠረት 375/1000 ነው። ብዙዎቻችሁ አሁን ለ5፣ እንደገና ለ5፣ አሁንም ለ5 ታካፍላላችሁ። ያደርሳል፣ ግን በዳበሳ ነው። ዩክሊድ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈው መንገድ ይሻላል፦ 1000 ለ375 ሲካፈል 250 ይተርፋል፤ 375 ለ250 ሲካፈል 125 ይተርፋል፤ 250 ለ125 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ ትልቁ የጋራ አካፋይ 125 ነው፣ መልሱም 3/8። አንድ ጥማድ በግምት የሄክታር ሩብ፣ ማለትም 2/8 ነው። እንግዲህ ያ ማሳ አንድ ጥማድ ተኩል ነው ማለት ነው። (ይህን እንኳ ገበሬው ከእኛ በፊት ያውቀዋል።)

አሁን ወደ ችግሩ። በጎጃም መሬት በእኩል፣ በሲሶ ወይም በእርቦ ይታረሳል። እኩል 0.5፣ እርቦ 0.25 ነው፤ ሁለቱም ሕጉን አያስቸግሩም። ሲሶስ? ስልካችሁ ላይ 1ን ለ3 አካፍሉ፦ 0.3333333። አንዱ ተማሪ "0.33 ይበቃል" ብሎ 33/100 ይጽፋል። ምርቱ 30 ኩንታል ጤፍ ቢሆን እውነተኛው ሲሶ 10 ኩንታል ነው፤ የተማሪው ሲሶ ግን 9 ኩንታል ከ90 ኪሎ። ሦስቱን ሲሶ ደምሩት፦ 30 ኪሎ ጤፍ ባለቤት አጣ! አውድማ ላይ ይህ ጠብ ያስነሳል እኮ።

"አሃዝ ልጨምር" ብትሉም አትድኑም። 3333333/10000000 ቅንጣት አይቀልልም። 10 የሚበጀው ከ2 እና ከ5 ብቻ ነው፤ ላዕሉ ደግሞ በ3 ስለሚጨርስ ለሁለቱም አይካፈልም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ በሚገባ የቀለለ ክፍልፋይ አስርዮሹ የሚያልቀው ታህቱ ከ2 እና ከ5 ሌላ ብቸኛ ቁጥር ከሌለበት ብቻ ነው። 8 ያልቃል፣ 3 አያልቅም፣ 6ም 7ም አያልቁም። ይህን ሳይነግሩ "ዜሮ ደርድር" ማለት ልጁን መንገድ አስጀምሮ ጫካ መሃል እንደ መተው ነው።

የሚገርመው፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህ ችግር አልነካቸውም። በእነሱ ቆጠራ አንድ ቀን 60 ኬክሮስ ነው። 60 ለ3ም ይካፈላል፤ ስለዚህ የቀን ሲሶ 20 ኬክሮስ ነው፣ ምንም ሳይተርፍ። በየዓመቱ ከ365 ቀን በላይ የምትተርፈው 15 ኬክሮስም 15/60፣ ማለትም ሩብ ቀን ናት፤ በአራት ዓመት ተጠራቅማ ጳጉሜን 6 ታደርጋለች። 60 ግን ለ7 አይካፈልም፤ የሰባት ሰው ድርሻ በኬክሮስም አያልቅም። የትኛውንም መደብ ብትመርጡ የሚያስቸግረው ቁጥር አይጠፋም።

ታዲያ ለማያልቀው አስርዮሽ ምን ይደረግ? ቁጥሩን ሀ በሉት፦ ሀ = 0.333…። በ10 አብዙት፦ 10ሀ = 3.333…። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሳይሆን፣ ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ፤ ማለቂያ የሌለው ጅራት ከጅራት ጋር ይጣፋና 9ሀ = 3 ይቀራል። ሀ = 3/9 = 1/3። ሲሶ ተመለሰ፣ ጤፉም ሞላ። ሁለት መስመር ነው፤ ለምን ከሕጉ ጎን እንደማይጻፍ አይገባኝም።

0.1666… ላይ እናንተ ሞክሩት። እዚህ 1 አይደገምም፤ ስለዚህ 100ሀ እና 10ሀ ያስፈልጓችኋል። 15/90 ላይ ከደረሳችሁ የቀረው ማቃለል ነው።