ኀዘኑ ከዜማው ነውን ወይስ ከዜመኛው?

ግሉክ የተባለው ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ «ኦርፌዎና ኤውሪዲቼ» የሚባለውን በዜማ የሚነገር ትያትር በ1762 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቪየና ከተማ አሳየ። ታሪኩ ከጥንት ግሪኮች ተረት የተወሰደ ነው። ኦርፌዎ የሞተችበትን ሚስቱን ሊመልስ ወደ ሙታን አገር ይወርዳል፤ ዞሮ እንዳያያት የተሰጠውን ትእዛዝ ባለመጠበቁም ዳግመኛ ያጣታል። በዚያን ጊዜ የሚያዜመው ሙሾ በአውሮፓ ከታወቁት የልቅሶ ዜማዎች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል። የሚያስደንቀው ግን ዜማው የተሠራው አውሮፓውያን ለደስታ ይስማማል በሚሉት ስልት እንጂ ለኀዘን በለዩት አለመሆኑ ነው።

ኤድዋርድ ሃንስሊክ የተባለው የቪየና ሙዚቃ መርማሪ ይህንኑ ይዞ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ታላቅ ክርክር አነሣ። ከእርሱ በፊት ቦዬ የተባለ ፈረንሳዊ አስተውሎት እንደ ነበረው፥ «አጣኋት» በሚለው ቃል ፈንታ «አገኘኋት» ቢባል ዜማው እንደዚያው ይስማማል። እንግዲህ ኀዘንና ደስታ ያሉት በቃሉ ነው፤ የዜማ ውበት ግን የድምፅ አካሄድና መልክ ብቻ ነው አለ።

ክርክሩ ብርቱ ነውና በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ግሉክ ራሱ፥ ሃንስሊክ ሳይወለድ፥ በ1770 በታተመው በሌላ ድርሰቱ መቅድም ላይ፥ ይህ ዜማ በአባባሉ ጥቂት ቢለወጥ የአሻንጉሊት ጭፈራ እንደሚሆን ጽፎ ነበር። አንድ ድምፅ ያለ ልክ ቢያዝ፥ ወይም ጉልበቱ ቸል ቢባል፥ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል ይላል። ሃንስሊክ ዜማ ልብ የሌለው መሆኑን ያስረዳልኛል ብሎ ያቀረበውን ምስክር፥ ደራሲው የሥራው ሁሉ ምሥጢር አድርጎ ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሃንስሊክ የመረመረው በወረቀት የተጻፈውን ዜማ ነው፤ ኀዘኑ ግን ከአፍ ሲወጣ የሚገኝ ነው።

የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለሚያውቅ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ሊቃውንቱ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ብለው ከሚለዩአቸው ከሦስቱ የዜማ ዐይነቶች የአራራይን ስም ከማራራት ጋራ ያያይዙታል፤ ዜማ የሰውን ልብ ይነካ ዘንድ የተሠራ መሆኑን አልተጠራጠሩም። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በምልክቶቹ ዘንድ አለ። ድፋት፥ ሂደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቁርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት፤ እነዚህ ስሞች ድምፁ ከፍና ዝቅ ማለቱን ብቻ አያመለክቱም። አንዱ ያዘው፥ አንዱ ቍረጠው፥ አንዱ ከደረትህ አውጣው ይላል። ግሉክ በወረቀት ሊያሰፍረው ያልቻለውን፥ በዘማሪው ጥንቃቄ ላይ የጣለውን አባባል፥ የድጓ መምህራን ስም ሰጥተው ከቃሉ በላይ ጻፉት። (ይህም ሆኖ ያለ መምህር አፍ ድጓ የተማረ የለም።)

በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ሕዝቡን የሚያነሣሣው የከበሮው ድምፅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ከበሮው ከወራት በፊትም ያው ከበሮ ነበር። የተጨመረበት የዝምታው ዘመን ነው። ጾሙን ያልጾመ እንግዳ በዚያች ሌሊት ቢገኝ መልካም ምት ይሰማል፤ ጎረቤቱ ለምን እንደሚያለቅስ ግን አይገባውም። በዚህ ሃንስሊክን እውነት የለውም ማለት አይገባም፤ ድምፅ ብቻውን ነገሩን አይናገርምና። ስሕተቱ ድምፅን ከዜመኛውና ከሰሚው ሕይወት ለይቶ በመመዘኑ ነው።

ዜማ ልብን መንካቱን የማይጠራጠር፥ ነገር ግን ስለዚሁ የሚፈራ ሰውም ነበረ። አውግስጢኖስ በኑዛዜው ዐሥረኛ መጽሐፍ፥ ከተዘመረው ነገር ይልቅ መዘመሩ የነካው ጊዜ እንደ በደለ ይቈጥረዋል። የእስክንድርያው አትናቴዎስ፥ ፍሬምናጦስን ለአክሱም የሾመው፥ መዝሙሩን ለንግግር በቀረበ ድምፅ ያስነብብ እንደ ነበረ ሰምቶ ያ ይሻል ይመስለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ባመነበት ወራት በቤተ ክርስቲያን ዜማ ያፈሰሰውን እንባ ያስባል። በመጨረሻም መዘመሩን ቢፈቅድም ፍርሃቱን አልተወም። ከሃንስሊክ ይልቅ የዜማን ኀይል ያወቀ ይህ የፈራው ሰው ነው።

ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ ገብረ መስቀል በጦሩ እግሩን ወጋው፤ ዜማው እስኪፈጸም ሁለቱም አላወቁም የሚለው ትውፊት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሰሚው መመሰጥ ነው። ትውፊቱ ግን ዘማሪውም ሕመሙ እንዳልተሰማው ይናገራል፤ ሌላውን በብልሃት እያነሣሣ ልቡ የቀዘቀዘ ሰው ቢሆን ጦሩ በተሰማው ነበር። ንጉሡ የተመሰጠው በቃሉ ይሁን በድምፁ ትውፊቱ አይለይም። ንጉሡ የወደደውን እንዲለምን በፈቀደለት ጊዜ ግን ያሬድ የለመነው ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ምናኔ መሄድን ነው፤ ወደ ሰሜን ተራሮችም ሄደ።