ሳይቆጣ የተቀዳ እንባ

አንድ ዓይን ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኘው እንባ 7 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። አንዲት የመድኃኒት ጠብታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የዓይን ክሊኒክ የምሠራው ሥራ ዋናው ክፍል ይህችን ጥቂት ፈሳሽ ዓይኑን ሳላስቆጣ መቅዳት ነው። ዓይን ሲነካ አዲስ እንባ ያፈልቃል፤ አዲሱ እንባ ደግሞ የምፈልጋቸውን ፕሮቲኖች ያቀጥናቸዋል። ስለዚህ ቀጭኗን የመስታወት ቱቦ ከታችኛው የዓይን ሽፋን ጠርዝ፣ በውጭው ጥግ በኩል፣ ፈሳሹን ብቻ አስነካታለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፤ እንባው በራሱ ጊዜ ይሳባል። ቸኩዬ ሽፋኑን ብነካው የምለካው የእጄን ጥፋት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በተለይ የሚያስፈልገኝ ለኬራቶኮነስ ነው። በዚህ በሽታ ኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በጉርምስና ነው። ለረጅም ዘመን ብግነት የሌለበት በሽታ ይባል ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ጥናቶች ግን በታማሚዎቹ እንባ ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው የብግነት መልእክተኛና ኤምኤምፒ-9 የተባለው ሕብረ ሕዋስ የሚያፈርስ ኤንዛይም ከጤነኛው በልጠው እንደሚገኙ አሳይተዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ጤነኛ ሰዎች ዓይናቸውን ለ60 ሰከንድ ብቻ ሲያሹ፣ እንባቸው ውስጥ ኢንተርሉኪን-6ም፣ የኤምኤምፒ-9 ዘመድ የሆነው ኤምኤምፒ-13ም ጨመሩ።

ከእነዚህ ውስጥ ወደ ክሊኒክ የገባው የኤምኤምፒ-9 ፈጣን ምርመራ ነው። የታችኛውን ሽፋን ወረድ አድርጌ ውስጠኛውን ሥጋ በለስላሳው መቅጃ ቀስ እያልኩ ጠቅ ጠቅ አደርገዋለሁ፤ ውጤቱ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይነበባል። ሰማያዊዋ መስመር መመርመሪያው መሥራቱን፣ ቀይዋ ኤንዛይሙ በሚሊሊትር 40 ናኖግራም መድረሱን ትናገራለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀይዋ ስትደምቅ በሽታው የከፋ፣ ስትደበዝዝ የቀለለ ይመስለዋል። ደብዛዛም ብትሆን አለች ማለት አለች ነው፤ ከዚያ አልፋ ደረጃ አትሰጥም። ይኸው ኤንዛይም በዓይን ድርቀትም በአለርጂም ይጨምራል።

የኬራቶኮነስን ደረጃ የምንወስነው የኮርኒያውን ቅርጽ በሚያሳየው ካርታ፣ በውፍረቱና በዕይታው ነው። ጤነኛ ኮርኒያ መሐሉ ላይ 540 ማይክሮን ያህል ነው። ካርታው እስካሁን የደረሰውን ጉዳት ያሳየኛል፤ እንባው ዛሬ ዓይኑ መቆጣት አለመቆጣቱን ይጠቁመኛል። ካርታው ገና ቀላል ሆኖ እንባው የተቆጣ የ15 ዓመት ልጅ፣ ካርታው ቢከፋም ለዓመታት ካልተንቀሳቀሰ የ45 ዓመት ሰው ይልቅ ያሳስበኛል።

ከመቅዳቴ በፊት ሁሌ እጠይቃለሁ። ከአሌክሳንድሪያ የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግረው የሚመጡ ታክሲ ሾፌሮች አሉ፤ የመኪናው ማሞቂያ መንገዱን ሙሉ ፊታቸው ላይ ሲነፍስ ይቆያል። «ጋሼ፣ ዛሬ ጠብታ አድርገዋል?» ስል፣ «ቆጥቁጦኝ መንገድ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ልጄ» ይሉኛል። ያ እንባ ለዚያ ሰዓት አይለካም። አስቀምጫቸው ሻይ አቀርባለሁ፤ መሣሪያው ከሚነግረኝ የማይተናነስ ነገርም የምሰማው ያኔ ነው። ሚያዝያ ላይ የኦክ ዛፍ ብናኝ ሲነሳ ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ተኝቶም ያሸዋል፤ አገር ቤት እያለንም እንዲሁ ነበር» ያለችኝ እናት ከቀይዋ መስመር የበለጠ ነግራኛለች።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጡ አረጋውያን ሲቀርቡ ቱቦዬን አስቀምጣለሁ። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛውን የትራኮማ ሸክም የተሸከመች አገር ናት፤ የአማራ ክልል ደግሞ ከሁሉ የከበደው ነው። ኤምኤምፒ-9 በትራኮማ በተቆጣው የሽፋን ውስጠኛ ሥጋም ተገኝቷል፤ ኮርኒያቸውን የሚጭረው ግን ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው የትራኮማ ደረጃ የሚሠራው በማጉያ መነጽርና በጥሩ ብርሃን ነው፤ ለነዚህ ሰዎች ትክክለኛው መለኪያ እሱ ነው። የተቀለበሰ ሽፋሽፍት እያየ እንባ የሚቀዳ ባለሙያ ጊዜያቸውን ያባክናል።

ለኬራቶኮነስ መድኃኒቱ አለ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ የሚገኘው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያን የሚያጠነክረውን ሕክምና በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. አጽድቆታል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ መሳሳቱን ያቆማል፤ የጠፋውን ውፍረት ግን አይመልስም። በተለመደው አሠራር ኮርኒያው ከ400 ማይክሮን በታች ከሳሳ አይሰጥም። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዓይኑን የሚያሽ ከሆነ ለማሳከኩ መድኃኒት ፈልጉለት፤ መነጽሩ በየጊዜው የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የኮርኒያ ካርታ እንዲነሳለት ዘንድሮ ጠይቁ። ስትመጡም መንገድ ላይ ጠብታ አታድርጉለት።