ግማሹ ከብረቱ፣ ግማሹ ከእጅ

የዴንማርክ ሰዎች ኤብልስኪቨር የሚጋግሩበት ወፍራም የብረት መጥበሻ ብዙውን ጊዜ ሰባት ጉድጓዶች አሉት፤ ስድስቱ ዙሪያውን፣ አንዱ መሐል ላይ። እያንዳንዱ ጉድጓድ የኳስ ግማሽ ነው፤ ክዳን የለውም። ከዚያ የሚወጣው ግን ሙሉ ድቡልቡል፣ ውጪው ወርቃማ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ጣፋጭ ነው። የጎደለውን ግማሽ የሚሠራው የጋጋሪው እጅ ነው። ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሊጡ ብዙ አያስቸግርም። ለአንድ ቤተሰብ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 4 ዴሲሊትር አሬራ፣ 3 እንቁላል፣ 50 ግራም የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው፣ የሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂና የተፈጨ ሄል ይበቃል። ኮረሪማ የሄል የሥጋ ዘመድ ቢሆንም ጠረኑ ሌላ ነው፤ የዴንማርኩን ጣዕም የሚፈልግ ሰው ሄሉን ይፈልግ። በድሮው አሠራር የፖም ቁራጭ መሐሉ ይገባ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ሰው ባዶውን ይጋግረዋል።

ለስላሳነቱ ከሁለት ነገሮች ይመጣል። አንደኛው የአሬራው ኮምጣጣነት ነው፤ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ወዲያው ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊጡም ይነፋል። ሁለተኛው የእንቁላሉ ነጭ ነው። ከአስኳሉ ተለይቶ አረፋው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ይመታል፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየተገለበጠ በቀስታ ይቀላቀላል። እዚህ ላይ ኃይል መጠቀም የተያዘውን አየር ማባረር ነው። ሊጡ ከተዋሐደ በኋላም ብዙ መቆየት የለበትም፤ ጋዙ እሳት ሳይነካው ያልቃልና። በሶዳ ፋንታ እርሾ የሚጠቀሙ ቤተሰቦችም አሉ፤ እነሱ ሊጡ እስኪነሳ መታገሥ አለባቸው።

መጥበሻው አዲስ ከሆነ እንደ ምጣድ መሟሸት አለበት። ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ ስስ ዘይት ይቀባል፣ እስኪጨስ ይግላል፤ ይህም ይደጋገማል። ዘይቱ በሙቀቱ ጠንክሮ ብረቱ ላይ ጥቁር ቆዳ ያበጃል። ያልተሟሸ መጥበሻ ሊጡን ይዞ አይለቅም፣ ያልለቀቀ ሊጥ ደግሞ አይዞርም።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ወፍራም ብረት ቀስ ብሎ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ ቶሎ አይበርድም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሊጥ ከማፍሰስ በፊት በደንብ ማሞቅ፣ ከዚያም እሳቱን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ምድጃው ጠባብ ከሆነ የመሐሉ ጉድጓድ ከሌሎቹ ቀድሞ ይጠቁራል። በየጉድጓዱ ትንሽ ቅቤ ይገባል። ያልተነጠረ ቅቤ ቶሎ ያርራልና የተነጠረው ይመረጣል፤ የእኛ ንጥር ቅቤ ግን ቅመሙ ስለሚያሸንፍ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ማዞሩ ይመጣል። ሊጡ ጉድጓዱን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ጠርዙ ቆዳ ሲያወጣና መሐሉ ገና ፈሳሽ ሳለ፣ ጋጋሪዋ የሹራብ መርፌ ወይም ቀጭን የእንጨት ስንጥር በጠርዙ በኩል ታስገባና ቆዳውን ሩብ ዙር ወደ ላይ ትስበዋለች። ሙሉ ዙር አይደለም፣ ሩብ ነው። ያልበሰለው ሊጥ ጎኑን ይዞ ወደ ባዶው ጉድጓድ ይፈሳል፣ እዚያም አዲስ ግድግዳ ይሆናል። ጥቂት ቆይታ እንደገና ሩብ ታዞረዋለች፤ በመጨረሻም ክፍቱን ወደ ታች ትደፋዋለች፣ ኳሱም ይዘጋል። ሰባቱ አንድ ላይ ስለማይደርሱ ዓይኗ ካንዱ ወደ ሌላው መሮጥ አለበት። ቀድማ ከነካችው ቆዳው ይቀደዳል፤ ከዘገየች የሚፈስ ሊጥ ስለማይኖር ግማሽ ኳስ ይዛ ትቀራለች። ስንጥሩ መሐሉ ገብቶ ንጹሕ ከወጣ በስሏል።

ይህ ጥበብ የዴንማርክ ብቻ አይደለም። በጃፓን ኦሳካ ታኮያኪ የሚጋግሩት ሻጮች በሹል ዘንግ፣ የደቡብ ሕንድ እናቶች ፓኒያራማቸውን በማንኪያ ሲያዞሩ ሥራው አንድ ዓይነት ነው። ዴንማርካውያን መጥበሻቸውን ተሸክመው አሜሪካም ገብተዋል፤ በ1911 በካሊፎርኒያ በቆረቆሯት ሶልቫንግ ከተማ ኤብልስኪቨር ዛሬም የበዓል ቁርስ ነው።

በዴንማርክ ወቅቱ ታኅሣሥ ነው፤ ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ተሰብስቦ ከሞቀ ቅመም ያለው ወይን ጋር ይበላዋል። ለኦርቶዶክስ ጾመኛ ጊዜው ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም፣ እንቁላልና ቅቤ ያለበት ይህ ምግብ እስከ ፍስክ ቢቆይ ይሻላል። በረዶ ሆኖ የታሸገው በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፣ ብዙ ቤትም የሚቀርበው እሱ ነው። ቅርጹ እኩል ነው፤ ከብረቱ ላይ በወጣ በደቂቃ ውስጥ የሚበላው ኤብልስኪቨር ያለው ጥርት ያለ ቆዳ ግን የለውም። ስለዚህ ቤት የሚጋግር ሰው እንግዶቹን ምድጃው አጠገብ ያስቀምጣቸው፤ የተፈጨ ስኳርና የእንጆሪ ማርማላታ ቀድሞ ይቅረብ፣ ሰባት ሰባቱም እንደወጡ ይታደሉ። የተረፈው በማግስቱ በኦቭን ይሞቃል፤ ማይክሮዌቭ ቆዳውን ያለሰልሰዋል።