ዘንባባው የቆጠረው፣ ኮከቡ ያለፈው

ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ጦር መኮንን ማሞ ሀብተወልድ በጽሑፎቻችን ውስጥ የሚኖሩት በአንድ ውጊያ ብቻ ነው። በ1945 ዓ.ም. ኮርያ ላይ ወጣቱ መኮንን ጥቂት ሰዎችን ይዘው ለቅኝት ወጡ፤ በቁጥር እጅግ በሚበልጣቸው የቻይና ጦር ተከበቡ፤ ረዳት እስኪደርስላቸው ተዋጉ። የጦር ጓድ የነበረችው አሜሪካ ሲልቨር ስታር ሸለመቻቸው፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ሽልማት ተቀበሉ። ጸሐፊዎቻችን እዚህ ሲደርሱ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ።

ይህ አተራረክ ከሚገባው በላይ ተወድሷል። የሲልቨር ስታር ምስክር ወረቀት የሚጻፈው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ድርጊት ነው። የሠራዊት ሰነድ ነውና በዚህ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ወረቀቱን እንዳለ የሕይወት ታሪክ አድርጎ የሚያቀርበው ደራሲ ነው። አብረው የተሰለፉት ጓዶች በዚያ ወረቀት ቦታ የላቸውም፤ ደራሲውም ሊፈልጋቸው አይነሳም።

የእኛው የአርበኞች ሜዳልያ ግን ሌላ ስልት አለው፤ ስልቱን ያጤነው ተቺ ጥቂት ነው። ዘንባባው የሚቆጥረው ዓመት ነው። የጣሊያንን ወረራ ዘመን በዱር በገደል የጨረሰ ሰው ባለ አምስት ዘንባባ ይባላል። ስንት ጠላት ገደለ፣ የቱን ምሽግ ሰበረ የሚል ጥያቄ የለበትም። ያለ ስንቅ የከረመ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ቁስሉን በቅጠል እያሰረ የሰነበተ ሁሉ እኩል ይቆጠራል። ጽናትን ከጀብዱ የማያሳንስ እንዲህ ያለ የሽልማት ሕግ የፈጠረ አገር ሊኮራበት ይገባል። እኛ ግን በቀብር ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ፣ «ባለ አምስት ዘንባባ» የሚለውን ከሽልማቶች ዝርዝር መካከል አንብበን እናልፋለን። ሟቹ አምስቱን ክረምት የት እንዳሳለፈ የሚነግረን የለም።

ቃኘውን በዘንባባው ዓይን ብናየው ታሪኩ ይሰፋል። በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች ከ120 የማያንሱ ሞቱ፤ የተማረከ ግን አልነበረም። የወደቁትም አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሷል። ይህን ለአንድ ደረት ብቻ በሚሰካ ኮከብ መሸለም አይቻልም፤ የሁሉም ሥራ ነውና።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ አለ። ከፒዮንግያንግ ጋር ለተወዳጀው ደርግ የኮርያ ዘመቻ የሚኮራበት ታሪክ አልነበረም። ያ የደርግ ዘመን በዓመት ይቆጠር ከተባለ ለቃኘው ዘማቾች 17 ዘንባባ ይገባቸው ነበር። ማሞ ሀብተወልድ ያንን ሁሉ አልፈው፣ በእርጅናቸውም ለጋዜጠኛ የሚተርኩበት ጉልበት ነበራቸው። ታትሞ በምናነበው ውስጥ ግን ጎልቶ የሚወጣው ያው ውጊያ ነው። ይህ የጠያቂዎች ስንፍና ነው፤ እኒያን የመሰለ ምስክር አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ ስለ ቀሪው ዕድሜያቸው በቅጡ አለመጠየቃቸውን ይቅር ለማለት እቸገራለሁ።